የአደን ጠመንጃ ማነጣጠሪያን ማስተካከል

ጥይት ከታለመለት ቦታ ወጣ ብሎ ሲያርፍ ብዙ ሰው ቦታውን ለማስተካከል ወዲያው ማነጣጠሪያውን፣ ማለትም በጠመንጃው ላይ ከፊትና ከኋላ የተተከሉትን ማነጣጠሪያ ብረቶች፣ መምታት ይጀምራል። መቅደም ያለበት ግን ጠመንጃው ጥይቶቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ አለመሰብሰቡን ማወቅ ነው። ሦስት ጥይት ሦስት የተራራቀ ቦታ ካረፈ ችግሩ ሌላ ነው፦ የሰደፉ ብሎን ላልቷል፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ይነቃነቃል፣ በርሜሉ ቆሽሿል፣ ወይም ተኳሹ ምላጩን እየነጠቀ ነው። ይህ ሳይስተካከል ማነጣጠሪያውን መንካት ልፋት ብቻ ነው።

ከዒላማው በስተጀርባ አረሩን የሚያስቀር የአፈር ግድብ ይኑር፤ ዓይንና ጆሮም ይሸፈኑ። ጠመንጃው የሚደገፈው ከበርሜሉ ሥር ባለው እንጨቱ ነው፤ ከእንጨቱ ሥር የአሸዋ ከረጢት ያድርጉ። በርሜሉን ራሱን በድንጋይ ወይም በጣውላ ላይ ማስደገፍ አይገባም፤ በተኩስ ጊዜ ከጠንካራው ነገር ላይ ስለሚዘል ጥይቱ ከተለመደው ቦታው ይወጣል። ለአደን የሚጠቀሙበትን ያንኑ ዓይነት ጥይት ይጠቀሙ፤ የአረሩ ክብደት ወይም ባሩዱ ሲለወጥ የሚያርፍበት ቦታም ይለወጣል።

ሲያነጣጥሩ የፊቱ ማነጣጠሪያ ጫፍ ከኋላው ክፍተት አናት ጋር እኩል ይሁን፤ በግራና በቀኙ የሚታየው ብርሃንም እኩል ይሁን። ዓይን የሚያተኩረው በፊቱ ማነጣጠሪያ ላይ ነው። ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ አይጎዳም፤ የፊቱ ሲደበዝዝ ግን ምቱ ይበተናል። የፊቱ ማነጣጠሪያ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፀሐይ በአንድ ጎኑ ስታርፍበት መሐሉን ያሳስታል፤ በሻማ ጥላሸት ያጥቁሩት።

መጀመሪያ በ25 ሜትር ሦስት ጥይት ይተኩሱ። ይህ ርቀት ጥይቱ ወረቀቱን እንዲያገኝ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ማስተካከያ በ100 ሜትር ይሠራል። ስሕተቱ የሚለካው ከአንዱ ቀዳዳ ሳይሆን ከሦስቱ ቀዳዳዎች መሐል ነጥብ ነው።

አቅጣጫው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት ይንቀሳቀሳል፤ የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ የኋላውን ወደ ግራ፣ ወይም የፊቱን ወደ ቀኝ።

ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በግምት አይወሰን፤ ይሰላ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት በስሕተቱ አባዝተው፣ እስከ ዒላማው ላለው ርቀት ያካፍሉ፤ ሁሉም በሚሊሜትር። ማነጣጠሪያዎቹ 500 ሚሊሜትር ቢራራቁና ጥይቱ በ100 ሜትር 12 ሴንቲሜትር ቢስት፣ 500 × 120 ÷ 100,000 = 0.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ከወፍራም የእርሳስ መስመር የማይበልጥ እንቅስቃሴ ነው፤ ስለዚህ ጥቃቅን ርቀት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ይለኩ።

ማነጣጠሪያው በበርሜሉ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ በጥብቅ የተሰካ ከሆነ፣ ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ፤ የጥይት መጉረሻውን በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። በርሜሉን በቆዳ ወይም በእንጨት ጠቅልለው በሞርሳ ይያዙ። ከመምታትዎ በፊት በማነጣጠሪያውና በበርሜሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር ያስምሩ። በነሐስ ዘንግና በትንሽ መዶሻ ከሥሩ፣ በቦዩ አጠገብ ይምቱ፤ አናቱን ከመቱ ይጣመማል። ብረት በብረት ከመቱ ጠርዙ ይጨፈለቃል። ጨርሶ ማውጣት ካስፈለገ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተኳሹ አንጻር ከግራ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ብሎን ካለው ደግሞ ብሎኑን በልኩ ካቻቢቴ አላልተው ያንቀሳቅሱ፤ ሲያጠብቁት ሊንሸራተት ስለሚችል እንደገና ይለኩ።

ከፍታው በኋላው ማነጣጠሪያ ይስተካከላል፦ ጥይቱ ዝቅ ካለ ከፍ ያድርጉት፣ ከፍ ካለ ዝቅ። የኋላው ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ ሥራው በፊቱ ላይ ይወድቃል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ካረፈ የፊቱን በደቃቅ ሞረድ ያሳጥራሉ። በላይኛው ስሌት መሠረት 0.1 ሚሊሜትር በ100 ሜትር ላይ ምቱን 2 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጋል። ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ሞርደው ይተኩሱ፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቅር፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ዓይን መሐሉን ይስታል። ጥይቱ ከፍ ብሎ የሚያርፍና የኋላው ዝቅ የማይል ከሆነ ግን መላው ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ መግዛት ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ግራና ቀኙን ሳይጨርሱ ከፍታውን አይንኩ። በየሦስቱ ጥይት መካከል በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ይታገሱ። አዳኝ የሚያገኘው ዕድል ብዙ ጊዜ ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ፈተና በሌላ ቀን በአንድ ጥይት ያድርጉ። ትክክል ካረፈ የእርሳሱን መስመር አጥፍተው በቦታው በመርፌ አዲስ ጭረት ያኑሩ፤ ጠመንጃው ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ ጭረቱ በማነጣጠሪያውና በበርሜሉ መካከል ተዛንፎ ካገኙት ሳይተኩሱ ለአደን አይውጡ።