የመናገሻ ሱባን ደን ለደኑ በሚጠቅም መንገድ እንዴት ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ የሚሄድ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ይህ ደን ሳስቷል ወይስ አገግሟል ብሎ ለሚጠይቅ ግን ከዚያ ሁሉ ፎቶ የሚመልስለት ጥቂቱ ነው። የሚመልስ ፎቶ ማንሳት ውድ ካሜራ አይጠይቅም፤ ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ወሩን ይምረጡ። ክረምቱ ጉም ነው፤ የበጋው ማብቂያ ደግሞ አቧራና ጭስ ይበዛበታል። ጥቅምት ሰማዩ ይጠራል። በጠዋት ይድረሱና የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ፤ የምኒልክ ድኩላ በየትኛው ጥሻ እንደሚውል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ቋሚ መቆሚያ መምረጥ። ከማይነቃነቅ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ይቁሙ። ከፊት አንድ ወፍራም የጽድ ግንድ፣ ከኋላው የተራራው ሸንተረር በፎቶው ውስጥ ይግቡ። በዓመቱ በዚያው ወርና ሰዓት ሲመለሱ የአምናውን ፎቶ ከፍተው ያስተያዩ። ግንዱ ከሸንተረሩ አንጻር ወደ ግራ ሸሽቶ ከታየ እርስዎ ወደ ቀኝ አልፈዋል ማለት ነው፤ ሁለቱ እንደ አምናው እስኪገጥሙ ወደ ግራ ይጠጉ። ዙም አይንኩ። ቦታውን ለማስታወስ ብሎ ዛፍ መፋቅ ወይም ድንጋይ መቀባት አያስፈልግም፤ ይህን እያደረጉ ደን ወዳድ ነን የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያዩ አዲስ ጉቶ፣ የደረቀ ጫፍ፣ ሾልኮ የገባ ባሕር ዛፍ ይፈልጉ። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የጽድና የኮሶ ቡቃያ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ቡቃያ ከሌለ ደኑ ወራሽ የለውም። ከመንገድ አለመውጣትም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጣት የምታህል ቡቃያ ጫማ ሲረግጣት አትታይም።

ጉሬዛ ለብቻው ፈተና ነው። ስልኩ ለጥቁሩ ጸጉር ብርሃን ሲጨምር ነጩ ጎፈር ዝርዝሩ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ እንስሳውን ይንኩና ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ለጨለመው በኋላ ብርሃን መጨመር ይቻላል፣ የጠፋው ነጭ ግን አይመለስም። ፍላሽ አያብሩ፤ እንዲቀርብ ብለው ሙዝም አይወርውሩለት።

ቤት ሲደርሱ በፎቶው ስም ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የዞሩበትን አቅጣጫ ይጻፉ፤ ቅጂውንም ለደኑ ጽሕፈት ቤት ይስጡ። የወፍ ጎጆ ያለበትን ፎቶ ለሕዝብ ከማጋራትዎ በፊት ግን የቦታ መረጃውን ያጥፉ።