መከላከያ ካቆምሽ በኋላ «አርግዤ ይሆን?» ካልሽ፦ ደረጃ በደረጃ እንዴት ማጣራት ይቻላል

ኪኒኑን ከተውሽ ሳምንታት አለፉ። ጡትሽ ሲነካ ያምሻል። ጠዋት ያቅለሸልሽሻል። ድካም ድካም ይልሻል፣ ሆድሽ ተነፍቷል፣ ፔሬድ ደግሞ የውሃ ሽታ ሆኗል። ታዲያ ይሄ እርግዝና ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በምልክት ብቻ ለመለየት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ሐኪምም አይለየውም። ምክንያቱም የእርግዝናውንም ሆነ ከወር አበባ በፊት የሚመጣውን ምልክት የሚያመጣው አንድ ዓይነት ሆርሞን ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሰውነት ፕሮጄስትሮን በብዛት ያመርታል። ይህ ሆርሞን ጡትን ያሳብጣል፣ የአንጀትን ሥራ ያዘገያል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ይህን የሚያደርገው ብታረግዢም ባታረግዢም ነው። መከላከያ ላይ ሳለሽ ይህ የየወሩ ውጣ ውረድ ተዳፍኖ ቆይቷል። ለዓመታት ያልተሰማሽ ነገር በአንዴ ሲመለስ «የሆነ ነገር አለ» ብትዪ አይገርምም።

ስለዚህ ምልክቶቹን ለጊዜው ተያቸው። መልሱን የሚሰጡሽ ሁለት ቀኖችና አንድ ምርመራ ናቸው።

1. መከላከያው ያበቃበትን ቀን ጻፊ

ብዙ ነገር የሚወሰነው ትጠቀሚበት በነበረው የመከላከያ ዓይነት ነው።

ኪኒን ከነበረ፣ የመጨረሻውን ፍሬ የዋጥሽበትን ቀን ያዢ። ካቆምሽ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደም ሊመጣ ይችላል። ይህ ሆርሞኑ ስለቀነሰ የሚመጣ ደም ስለሆነ እንደ ወር አበባ አትቁጠሪው። የራስሽ ፔሬድ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ እስከ 3 ወር ቢዘገይም ያልተለመደ አይደለም።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ ከነበረ፣ የወጣበትን ቀን ጻፊ። ከዚያ በኋላ ሆርሞኑ ቶሎ ስለሚጠፋ በወሩ ውስጥ እንቁላል ሊወጣ ይችላል።

የ3 ወር መርፌ ግን ለብቻው ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። የመውለድ አቅም ለመመለስ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይወስዳል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። ስለዚህ ከመርፌ በኋላ ፔሬድ መቅረቱ ብቻውን የእርግዝና ማስረጃ አይሆንም። ላለማርገዝም ግን ዋስትና አይሆንም፤ የ3 ወሩ ጊዜ እንዳለፈ ያረገዙ አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን የሚያሳስት ሐሳብ አለ፦ «ፔሬዴ ሳይመጣ እንዴት አረግዛለሁ?» እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት ነው፣ 2 ሳምንት ያህል ቀድሞ። ስለዚህ የመጀመሪያው ፔሬድ ሳይታይ ማርገዝ ይቻላል።

2. የመጨረሻውን ያልተጠበቀ ግንኙነት ቀን አስታውሺ

ኮንዶም ያልነበረበትን ወይም የተቀደደበትን ቀን ማለቴ ነው። ከዚያ ቀን 21 ቀን ቁጠሪና ያኔ ተመርመሪ። የወር አበባሽ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት በዚህ ጊዜ «ቀረብኝ» ብሎ ከመጠበቅ ይህ ቆጠራ ይሻላል።

ግንኙነቱ 5 ቀን ካልሞላው እና ማርገዝ ካልፈለግሽ፣ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሄደሽ ስለ ድንገተኛ መከላከያ ጠይቂ። ኪኒኑ በፈጠንሽ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።

በነገራችን ላይ፣ ከግንኙነት በ3ኛው ቀን የሚመጣ ማቅለሽለሽ ከዚያ ግንኙነት በመጣ እርግዝና ሊሆን አይችልም። ጽንሱ ገና ማህፀን አልደረሰም።

3. የሽንት ምርመራውን በትክክል ሥሪ

ምርመራው የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን የሚመረተው ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው። ያ ደግሞ እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። ቀድመሽ ብትመረመሪ እርግዝና ቢኖር እንኳ «የለም» ሊልሽ ይችላል።

የመከላከያ ኪኒንም ሆነ መርፌ ውስጥ ኤችሲጂ የለም። ስለዚህ መከላከያ ማቆምሽ ውጤቱን አያዛባም።

ከመጀመርሽ በፊት የማለፊያ ቀኑን እዪ። የጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ተጠቀሚ፤ ከዚያ በፊት ብዙ ውሃ መጠጣት ሽንቱን ያቀጥነዋል። ሰዓት ያዢና ውጤቱን መመሪያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ። ከጊዜው ካለፈ በኋላ ሽንቱ ሲደርቅ የሚታይ ደብዛዛ ጭረት ይኖራል፣ እሱን አትመኚው። በሰዓቱ የወጣ ሁለተኛ መስመር ግን ደብዛዛም ቢሆን እርግዝና አለ ማለት ነው። ምርመራው መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ጭራሽ ካልወጣ ምርመራው አልሠራም፤ በሌላ ድገሚው።

4. ውጤቱን ይዘሽ ቀጣዩን ወስኚ

እርግዝና ካለ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። በመጨረሻ ፔሬድ ቀን የሚሰላው የእርግዝና ዕድሜ አሁን ላንቺ ሊሳሳት ስለሚችል አልትራሳውንድ ይበጃል። ሳታውቂ የመከላከያ ኪኒን ውጠሽ ከነበረ አትደንግጪ፤ ጽንስ ላይ የአካል ጉድለት እንደሚያመጣ አልታየም። እርግዝናውን የምትቀጥዪበት ከሆነ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሪ።

እርግዝና የለም ካለና ፔሬድ አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚ። ከመጨረሻው ግንኙነት 21 ቀን ካለፈ በኋላ ሁለቴ «የለም» ካለሽ፣ ምልክቱ ከሌላ ነገር ነው ብለሽ ማሰብ ትችያለሽ። ጥርጣሬው እንቅልፍ ከነሳሽ የደም ምርመራ አለ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በአንድ በኩል ያለ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ያልተለመደ መድማት ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ሕይወት ያሳጣል። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ደምም እንዲሁ።

5. እርግዝና ካልሆነ፣ ሰውነትሽ እስኪረጋጋ

ለጡት ሕመም በደንብ የሚደግፍ ጡት ማስያዣ፣ ለማቅለሽለሽ ጥቂት ጥቂት እየከፋፈሉ መብላት፣ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይረዳሉ። የሚሰማሽን ከቀኑ ጋር ጻፊ። ሕመሙ እየጨመረ መጥቶ ደም ሲመጣ የሚጠፋ ከሆነ የወር ዑደትሽ እየተመለሰ ነው። ፔሬድ «ለማውረድ» ተብሎ ከዚህም ከዚያም የሚሰጥ መድኃኒት አትውሰጂ። ማርገዝ ካልፈለግሽም ኮንዶም አይለይሽ።

6. ከዘገየ መንስኤውን አስመርምሪ

ኪኒን ካቆምሽ 3 ወር አልፎ ፔሬድ ካልመጣ ሐኪም ጋ ሂጂ። መርፌ ላይ ለነበረች ትዕግሥቱ ይረዝማል፤ ከመጨረሻው መርፌ ዓመት ካለፈ መታየት አለባት። ሳታጠቢ ከጡትሽ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ከወጣ ግን 3 ወሩንም አትጠብቂ። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ችግርም ፔሬድን ያዛባል፣ ያደክማል። ውጥረት፣ ፈጣን የክብደት መቀነስና ከልክ ያለፈ ስፖርትም እንደዚያው።

ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው የምለው አንድ ነገር አለ፦ መከላከያውን ከመጀመርሽ በፊት ፔሬድሽ እንዴት ነበር? ያኔም ይዘባረቅ ከነበረ፣ ፊትሽ ላይ ብዙ ብጉር ወይም ፀጉር ይወጣ ከነበረ፣ ችግሩ ከድሮ ጀምሮ ያለ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ በየወሩ ደም እያመጣ ሸፍኖት ነበር።