የኃያል ጎረቤት ተጽዕኖ እንዴት ይመረመራል? የሌሶቶ ጉዳይ

የአንዲት ትንሽ አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር «የውጭ እጅ አለበት» ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው እጁ በየትኛው በር እንደገባና በሩን ከውስጥ ማን እንደከፈተው በማስረጃ ማሳየት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ሌሶቶ ጥሩ መለማመጃ ናት፤ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ ብቻ የተከበበች በመሆኗ ተጽዕኖው ከየትኛው ጎረቤት መጣ የሚለው ጥያቄ ብዙም አያከራክርም።

ምርመራውን ከጎረቤቱ መጀመር ስህተት ይመስለኛል። በቅድሚያ የትንሿን አገር የውስጥ ጠብ በዓመተ ምሕረት አስቀምጡ። ሌሶቶ ነጻ ከመውጣቷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተካሄደው ምርጫ የሊያቡዋ ጆናታን ፓርቲ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ የፕሪቶሪያ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ መንግሥትም የእህል ስጦታ ልኮ ደግፏቸዋል። በ1970 በንትሱ ሞኸሌ የሚመራው ተቃዋሚ ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆናታን ሕገ መንግሥቱን አግደው በሥልጣን ቆዩ። ከዚያ በኋላ ግን ሰልፉ ተገለባበጠ። ጆናታን የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ አፓርታይድን፣ እያወገዙ ለደቡብ አፍሪካ ስደተኞች መጠጊያ ሲሰጡ፣ በአንጻሩ የሞኸሌ ታጣቂዎች ከደቡብ አፍሪካ በኩል ድንበር እየተሻገሩ ጥቃት ያደርሱ ጀመር። ስለዚህ «ጎረቤቱ የማን ወዳጅ ነው?» ከሚለው ይልቅ «በዚያ ዓመት የሚፈልገው ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ቀጥሎ ጎረቤቱ በእጁ የያዛቸውን መሣሪያዎች መዝግቡ። የሌሶቶ መገበያያ ሎቲ ከደቡብ አፍሪካው ራንድ ጋር በእኩል ይመነዘራል፤ የመንግሥቱ ገቢ ከፍተኛ ድርሻ ከደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ይመጣል፤ ብዙ ወንዶቿ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ማውጫዎች ሠርተዋል። ይህ ሁሉ ጥገኝነት እንጂ በራሱ ጣልቃ ገብነት አይደለም። ጣልቃ ገብነት የሚባለው መሣሪያው ሆን ተብሎ፣ ለታወቀ ፍላጎት ሲውል ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በ1986 ነው። በዲሴምበር 1982 የደቡብ አፍሪካ ጦር ዋና ከተማዋን ማሴሩን በሌሊት ወርሮ 42 ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ የጆናታን መንግሥት ግን በዚያ አልወደቀም። በጃንዋሪ 1986 መጀመሪያ ፕሪቶሪያ ድንበሩን በጥብቅ ፍተሻ ስታንቅ፣ የምግብና የነዳጅ ፍሰት ተስተጓጎለ፤ በዚያው ወር 20 ቀን ጄኔራል ጀስቲን ሌካንያ ሥልጣን ያዙ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም አፓርታይድን የሚታገለው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ አባላት ከአገር እንዲወጡ ተደርጎ ድንበሩ ተከፈተ። በዚህ ጉዳይ የተጠየቀው (የኮንግረሱ አባላት መባረር)፣ የተጫነው (የድንበሩ እገዳ) እና የተገኘው ነገር ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ሦስቱን ማያያዝ ካልቻላችሁ ክሱን አትቸኩሉበት።

ይሁንና ቅደም ተከተል ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ሠራዊቱ ከእገዳው አስቀድሞ በገዥው ፓርቲ የታጠቀ የወጣቶች ክንፍ ቂም ይዞ ነበር፤ እገዳው ይህን ቂም ባያገኝ ኖሮ እንዲህ ፈጥኖ ፍሬ ማፍራቱ ያጠራጥራል። በተመሳሳይ፣ የሌሶቶን ውኃ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ስምምነት በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቀን መፈረሙ አጠራጣሪ ቢመስልም፣ ድርድሩ የተጀመረው በጆናታን ዘመን ስለነበር «መፈንቅለ መንግሥቱ ለውኃ ተብሎ ነው» ብሎ መደምደም ከማስረጃው ያልፋል።

ጣልቃ ገብነቱ በግብዣ ሲመጣ ጋባዡንም መርምሩ። በሜይ 1998 ገዥው ፓርቲ ስድሳ በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ፤ ተቃዋሚዎች ተጭበርብሯል ብለው በቤተ መንግሥቱ ደጅ ሰፈሩ፤ ከሠራዊቱም የበታች መኮንኖች በአለቆቻቸው ላይ አመፁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ የጎረቤቶቻቸውን እርዳታ ጠየቁ፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን በደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ስም የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ገቡ፤ የቦትስዋና ጦር ቆይቶ ተከተለ። ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ ለደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ውኃ የሚጠራቀምበት የካትሴ ግድብ ነበር። ማሴሩም በቃጠሎና በዝርፊያ ወደመች። የግብዣ ደብዳቤ መኖሩ ድርጊቱን ሕጋዊ ያስመስለው ይሆናል፤ ወታደሩ መጀመሪያ የት እንደሄደ ግን ስለ ላኪው ፍላጎት ከደብዳቤው የበለጠ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም አትዝለሉ፤ ብዙ ጽሑፎች ጦሩ በገባበት ቀን ያቆማሉ። በ2002 ሌሶቶ በተመጣጣኝ ውክልና የሚሞሉ 40 መቀመጫዎችን ጨምራ ድምፅና መቀመጫ የሚቀራረቡበትን የምርጫ ሥርዓት ሠራች። ማስተካከያው በ1998 ዋነኛ የሆነውን የውስጥ ቅሬታ የነካ ነበር። ሆኖም በኦገስት 2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶም ታባኔ ከሠራዊቱ ሸሽተው ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ አደራዳሪው በወቅቱ የደቡብ አፍሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲሪል ራማፎሳ ሆኑ፤ ምርጫውም ወደ ፌብሩዋሪ 2015 ተሳበ። ይህን ክፍል ስትመረምሩ ማነጻጸር ያለባችሁ የራማፎሳን ሐሳብ ከታባኔ ፍላጎት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ሠራዊቱን ለመቆጣጠር ይሻኮቱ የነበሩት የጥምር መንግሥቱ ፓርቲዎች በየራሳቸው ከፕሪቶሪያ ከጠየቁት ጋርም ነው።