በጎንደር ሙቀት የባሕር ዓሣ አኳሪየምን እንዴት ማቀዝቀዝ ይቻላል

በመጋቢትና በሚያዝያ ጎንደር ላይ የቀን ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የባሕር ዓሦችና ኮራሎች (ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳት) የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። 30 አልፎ ለቀናት ከቆየ ኮራሎቹ በውስጣቸው የሚኖሩትንና የሚመግቧቸውን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥተው ይነጣሉ፤ ብዙዎቹም አያገግሙም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚያስበው ቺለር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ማቀዝቀዣ) መግዛትን ነው። እኔ ግን ለጎንደር ቤት አስቀድሜ የምመክረው ነፋስ ነው። የበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሌሊቱም ይበርዳል፤ ስለዚህ የሚያስቸግሩት የቀትርና የከሰዓት ሰዓቶች ናቸው።

1. መጀመሪያ ይለኩ

ቴርሞሜትሩን ከማሞቂያው ርቆ ያስቀምጡና ጠዋት 1 ሰዓትና አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ይመልከቱ። ውሃ ከአየር ዘግይቶ ስለሚሞቅ በቀትር ብቻ የሚለካ ሰው ከፍተኛውን ሙቀት ላያየው ይችላል። ውሃው 27 ደርሶ የማሞቂያው መብራት አሁንም ከበራ ችግሩ የአየር ሁኔታው አይደለም፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ከፍ ብሎ ተስተካክሏል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ዝቅ ያድርጉት፣ ካልሠራ ይቀይሩት።

2. ፀሐይና መብራት

የምዕራቡን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ። የአኳሪየሙን መብራት በቀትር ማብራቱን ትተው ከሰዓት 10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያድርጉት፤ ኮራሎቹ ለ8 ሰዓታት ብርሃን ያገኛሉ፣ የመብራቱ ሙቀትም በሚበርደው ሰዓት ይወጣል።

3. ቬንትሌተር

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የመስታወት ክዳኑን ያንሱና ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው ገጽ ላይ አጋድሞ እንዲነፍስ ያድርጉ። ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉት የሚበርደው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 100 ሊትርን በ5 ዲግሪ ለማውረድ የሚበቃ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ክፍሉ መልሶ ስለሚያሞቀው ያን ያህል ባይወርድም፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ መቀነሱ የተለመደ ነው። የኮምፒውተር ቬንትሌተርም ይሠራል፤ በ12 ቮልት ስለሚዞር መብራት ሲጠፋ በባትሪ ማስቀጠል ይቻላል።

ክዳን ሲነሳ ዓሣ ይዘላል፤ ስለዚህ የአኳሪየሙን አፍ በወንፊት መረብ ይሸፍኑ። ለወባ መከላከያ የሚታደለውን አጎበር ግን በፍጹም አይጠቀሙ። የተነከረበት ፀረ ተባይ ለዓሣም፣ ለሽሪምፕም መርዝ ነው። ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ ወይም የነፍሳት መግደያ ሲረጭ ደግሞ ቬንትሌተሩን ያጥፉ፤ አለበለዚያ ጢሱንና መድኃኒቱን ወደ ውሃው ይነፍሰዋል።

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። 200 ሊትር አኳሪየም በቀን 4 ሊትር እያጣ ሦስት ቀን ሳይሞላ ቢቆይ፣ ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 37 ይወጣል። በመስታወቱ ላይ በፕላስተር የውሃውን ልክ ምልክት ያድርጉና በየቀኑ እስከዚያ ይሙሉ። የሚሞሉት ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድንን በሚያስቀር ረቂቅ ማጣሪያ) የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው እንዲሁ አይጨመርም፤ ክሎሪኑ ቢወጣለትም ማዕድኑ ይቀራል፣ በየቀኑ ሲጨመር ደግሞ ይጠራቀማል።

4. ኦክስጅን

ይህን ነጥብ በባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሰዎች በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ አያገኙትም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀት ደግሞ የቀረውን ይቀንሳል፤ ጨዋማ ውሃም ቀድሞውኑ ጨው ከሌለው ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። እዚህ ከተማ ውሃው 29 ሲደርስ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱት ለዚህ ነው። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ ያዙሩና ገጹን ያናውጡ፤ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአየር አረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) ካለዎት ቀንና ሌሊት ይሥራ። ዓሣ አያብዙ፤ በሞቃት ቀንም ምግብ ይቀንሱ።

5. በረዶ

በችኮላ ጊዜ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ሞልተው (ሲረጋ ስለሚያብጥ ጥቂት ቦታ ይተዉ) ፍሪዘር ውስጥ ያርጉና ክዳኑን እንዳጠበቁ ውሃው ላይ ያንሳፍፉት። አንዱ ጠርሙስ 100 ሊትርን በአንድ ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ አያውርዱ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ይጎዳል። በረዶውን ራሱን ግን ውሃው ውስጥ አይጨምሩ፤ ጨዋማነቱን ያወርደዋል።

6. መብራት ሲጠፋ

ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድመው ገዝተው ያስቀምጡ። ከሌለ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ መብራት እስኪመጣ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው ይደጋግሙት። ምግብ አይስጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አመሻሽ ላይ አሁንም ከ28 በላይ ከሆነ ያን ጊዜ ቺለር ይግዙ። ቺለር ከውሃው ያወጣውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ስለሚነፋ አኳሪየሙ ካለበት ክፍል ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ያስቀምጡት።