የገንዘብ ተቀባዮቻችንን ደኅንነት ያስጠበቀው ለውጥ

ችግሩ ይህ ነበር፦ ዕቃ ሊመልሱ የሚመጡ አንዳንድ ደንበኞች ገንዘብ ተቀባዮቻችንን ይሰድባሉ፣ ይዝቱባቸዋል፣ አልፎ አልፎም ይገፈትሯቸዋል። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ የደኅንነት ካሜራ ጨመርን። ካሜራው የሆነውን ቀዳ እንጂ ጥቃቱን አላስቆመም። ስድብ የሚከለክል ማስታወቂያ ሰቀልን፤ የተናደደ ሰው አላነበበውም። በር ላይ የቆመው ጥበቃም የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር።

መንገዱን ያሳየን መዝገብ ነው። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ደብተር አስቀመጥን፤ ሰዓቱ፣ ቦታውና ጠቡን የቀሰቀሰው ነገር ብቻ ይጻፍበታል። ስድብም ይመዘገባል፤ ሠራተኞቹ የሥራው አካል ነው ብለው ዝም ብለው የሚያልፉት እርሱን ነበርና። ገጾቹ ሲሞሉ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ገንዘብ ተቀባይዋ «አይመለስም» ስትል እንደሆነ ታየ።

ስለዚህ የመከልከሉን ሸክም ከእርሷ ላይ አነሣን። አሁን ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ገመድ አልባ የጥሪ ቁልፍ ትጫናለች፤ ኃላፊው መጥቶ ውሳኔውን ራሱ ይናገራል። ከተሰደበች አገልግሎቱን አቋርጣ ወደ ኋላ ክፍል ትገባለች፤ ለዚህም አትጠየቅም። በመዝጊያ ሰዓት ማንም ብቻውን አይቆምም።

ኃላፊዎችን ለማሳመን የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ያጸደቀው፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጥቃትንና ትንኮሳን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 190 ጠቅሞናል፤ እንደ ደንበኛ ካለ ሦስተኛ ወገን የሚመጣ ጥቃትንም ከግምት ያስገባል።

ግፍተራው ቆሟል፣ ስድቡም በጣም ቀንሷል። የጥሪ ቁልፉን ግን በየሳምንቱ ሞክሩት፤ የእኛው ባትሪው ሲያልቅ ምንም ምልክት አይሰጥም።