«አያቴ» ስትሉ ሴቷን ነው ወንዱን?

አንድ ጓደኛዬ «አያቴ ታመው ሆስፒታል ገቡ» ብሎ ጻፈልኝ። «እግዜር ይማራቸው» አልኩት። በሳምንቱ ደውዬ «ሽማግሌው ተሻላቸው?» ስለው «የምን ሽማግሌ? የእናቴ እናት ናቸው እኮ!» አለኝ። አፈርኩ። ግን ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ የቃሉም አለበት።

«አያት» ለሴትም ለወንድም ነው። ብዙ ጊዜ ጾታውን የሚነግረን ግሡ ነው። «አያቴ መጣች» ካላችሁ አለቀ፣ ሴት ናት። ጣጣው የሚመጣው አክብሮት ሲገባ ነው፤ «አያቴ መጡ» ለሴትም ለወንድም አንድ ስለሆነ ሰሚው መገመት ይጀምራል። ስለዚህ አንቱ የምትሏቸው ከሆነ መጀመሪያ ላይ ለይታችሁ ተናገሩ። «ሴት አያቴ» ይበቃል። «የእናቴ እናት» ወይም «የአባቴ እናት» ብትሉ ግን እኔ እመርጣለሁ፣ በየትኛው ወገን እንደሆኑም በዚያው ይታወቃላ።

አንዴ ከለያችሁ በኋላ «አያቴ» እያላችሁ ቀጥሉ። ከሌላ ቋንቋ የሚተረጉሙ ሰዎች «ሴት አያቴ ሄደች፣ ሴት አያቴ ተቀመጠች» እያሉ ገጹን ይሞሉታል፤ ግሡ ተናግሮ ጨርሷል እኮ! ለጆሮም ይጎረብጣል።

ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ «አያቷ» ላይ ተጠንቀቁ። «አያቷ በሩን ከፈቱ» ሲባል የከፈቱት ሴትየዋ አያት ናቸው ወይስ የልጅቷ ወንድ አያት? «አያትየዋ» በሉና ገላገሉን።

ፊት ለፊት ስንጠራት ሌላ ነው። «አያቴ» የሚመቸው ስለ እሷ ለሌላ ሰው ስናወራ ነው፤ ስንጠራት ግን ብዙዎቻችን «እማማ» ወይም «እምዬ» እንላለን፣ ካልሆነም ቤት ውስጥ የወጣላትን ስም። «እማማ» ደግሞ በዕድሜ ለገፉ ሴት ሁሉ ስለሚሆን፣ «እማማ እንዲህ ብለውኝ ነበር» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ጎረቤት ሊመስለው ይችላል።

አንቺ ወይስ አንቱ? የቤታችሁን ልማድ ያዙ፣ ብቻ አትቀላቅሉ። «አያቴ መጡና ሳመችኝ» አይሆንም። የሰው አያት ላይ ግን ምርጫ የለም፣ ጓደኛችሁ አያቷን አንቺ ብትልም እናንተ «አያትሽ እንዴት ናቸው?» ነው የምትሉት። «አሮጊት»ን ደግሞ ተዉት፣ ስድብ ይመስላል።

«ቅድመ አያት»ም ጾታ አይለይም። «አያቶቼ» ሴቷንም ወንዱንም ይይዛል፣ «አያት ቅድመ አያቶቻችን» ስንል ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩትን ሁሉ ማለታችን ነው።

አንድ ቦታ ግን «አያት» ወንድ ብቻ ነው፦ ቅጽ ላይ። «ሙሉ ስም ከነአያት» ሲላችሁ የአባታችሁን አባት ስም ነው የሚፈልገው። የሴት አያታችሁን ስም ከጻፋችሁ ሌላ ቅጽ ይሰጧችኋል።