አዲስ የሶል ሙዚቃ ፍለጋ? ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን ተከተሉ
ዩቲዩብ የሚገፋላችሁን ብቻ አትጠብቁ፣ ያንኑ የምታውቁትን ነው መልሶ መላልሶ የሚያመጣው። የወደዳችሁትን አልበም ክፈቱና ከበሮውን ማን መታ፣ የትኛው ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) አወጣው የሚለውን አንብቡ። ኤሚ ዋይንሃውስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው አልበም በርከት ያሉ ዘፈኖች ላይ የተጫወቱት ዳፕ ኪንግስ የሶል ዘፋኟ የሻሮን ጆንስ ባንድ ነበሩ፤ ከእነሱ ወደ ብሩክሊኑ ዳፕቶን ሌብል ትሻገራላችሁ፣ እዚያው ዘፋኙን ቻርልስ ብራድሊን ታገኛላችሁ፣ ቀጥሎ ቡዶስ ባንድን (እነዚህኞቹ የኛን ኢትዮ ጃዝ በደንብ የሰሙ ናቸው፣ ትራምፔቱን ስሙና ፍረዱ)።

ባንድካምፕ (ሙዚቃ የሚገዛበት ድረ ገጽ) ደግሞ ሌላ ነው። ከአልበሙ ሥር የገዙት ሰዎች ፎቶ ተደርድሯል። አንዱን ስትነኩ ሌላ ምን እንደገዛ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። እኔ ከምንም ጥቆማ በላይ ይሄን ነው የማምነው። ጣዕሙ የገጠመላችሁን ሰው ፎሎው አድርጉት፣ አዲስ ሲገዛ ታያላችሁ።